የማን ልጅ ነው? ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና የጎጃም ገዥ ቤት



በአገራችን እንግዳ ሰው ሲመጣ ሽማግሌዎች ቀድመው የሚያቀርቡለት ጥያቄ ‹‹የማን ልጅ ነህ?›› የሚል ነው። ለጋብቻ ይጠየቃል፣ ለዋስትና ይጠየቃል፣ ርስት ለመካፈልም ይጠየቃል። ለሹመትም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠየቅ ኖሯል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የምንመርጥ በመሆኑ፣ ይህ ጥያቄ በጎጃም ታሪክ ውስጥ ምን እንደሠራና ምን እንዳበላሸ ለማሳየት አስቤ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ምሳሌ አድርጌ የወሰድኩት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ጎጃምን የገዙትን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በእናት በኩል የመጣ ቤት

ብዙዎቻችን የጎጃም መሳፍንት ቤት የጦረኛ ወንዶች ቤት ይመስለናል። ሐረጉ ወደ ላይ ሲቆጠር ግን ከሴት ይጀምራል።

ጣናን ተሻግራችሁ ወደ ደቅ ደሴት የሄዳችሁ ናርጋ ሥላሴን አይታችኋል። ያን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እቴጌይቱ በጎንደር በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ፣ ከዚያም በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመን አርባ ዓመት ያህል የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ይዘው ኖረዋል። ከልጆቻቸው አንዷ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ይባላሉ። እሳቸው ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅን ወለዱ። እኒህ የመጀመሪያው ራስ ኃይሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጎጃምን የገዙ ናቸው። የራስ ኃይሉ ልጅ ወይዘሮ ድንቅነሽ ደግሞ ደጃዝማች ዘውዴን አግብተው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ወለዱ። የጎሹ ልጅ ተሰማ፣ የተሰማ ልጅ አዳል፣ የአዳል ልጅ የዛሬው ባለታሪካችን ሁለተኛው ራስ ኃይሉ ናቸው።

ከምንትዋብ እስከ ሁለተኛው ራስ ኃይሉ ድረስ ስምንት ሰዎች እንቆጥራለን። ከስምንቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ሦስቱ ሴቶች ከመካከል ቢወጡ ሐረጉ ይበጠሳል፤ ጎሹም ‹‹እኔ የገዥ ዘር ነኝ›› የሚሉበት አፍ አያገኙም ነበር፤ የገዥነት መብታቸው የመጣው በእናታቸው በድንቅነሽ በኩል ነውና።

ይህ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ ነገር አልነበረም። በጎጃም የርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ርስት ትካፈል ነበር፤ ልጆቿም በእሷ ስም ቆጥረው ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ ‹‹የማን ልጅ ነው?›› ሲባል ‹‹የእከሊት ልጅ ነው›› ማለትም በቂ መልስ ነበር። ነገር ግን በቆጠራው ውስጥ ስማቸው የሚጠራ እናቶች በሸንጎው ላይ ስንት ጊዜ ተሰሙ? ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

ከጉር አምባ እስከ ንጉሥነት

ይህ ቤት በሥልጣን ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አልነበረም፤ ወድቆም ተነሥቷል። ደጃዝማች ጎሹ በኅዳር 1845 ከጣና በስተሰሜን በጉር አምባ ጦርነት ከቋራው ካሣ፣ ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግተው ሞቱ። ልጃቸው ደጃዝማች ብሩ ጎሹ በሚቀጥሉት ዓመታት ተማርከው ቴዎድሮስ እስከሞቱበት እስከ 1860 ድረስ በእስር ኖሩ። ቤቱ የጠፋ መሰለ።

ያነሡት የጎሹ የልጅ ልጅ አዳል ተሰማ ናቸው። በጎጃም ውስጥ የነበሩ ተቀናቃኞቻቸውን አሸንፈው ለዐፄ ዮሐንስ ገቡ፤ ራስ ተባሉ። በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ‹‹ንጉሠ ጎጃም ወከፋ›› ብለው አነገሡአቸው፤ ስመ መንግሥታቸውም ተክለ ሃይማኖት ሆነ። መንቆረር የተባለውን ከተማ መቀመጫቸው አድርገው የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማውም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅን ነበሩ።

ለምን ‹‹የከፋ ንጉሥ›› መባል እንደፈለጉ የነጋዴ ቤተሰብ ልጆች ቶሎ ትረዱታላችሁ። ከአባይ ማዶ ከጉድሩና ከዚያም አልፎ ከከፋ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ አባይን ተሻግሮ በባሶ ገበያ፣ በጎጃም አድርጎ ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይሄድ ነበር። በየኬላው ቀረጥ የሚሰበስበው ገዥ ሀብታም ይሆናል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ያንኑ ንግድ ይፈልጉ ነበር። በ1874 ዓ.ም. ሁለቱ ንጉሦች እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

ከዚህ በኋላ በጎጃም ላይ የወረደው መከራ ብዙ ነው። በጥር 1880 ንጉሡ ሣር ውኃ ላይ በደርቡሽ ጦር ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ ከምኒልክ ጋር ተማክረዋል ተብሎ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጎጃምን ዘረፈ። በዚያው ወራት የከብት እልቂት ገባ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ። ንጉሡ በተሸነፉም በተጠረጠሩም ጊዜ ቤቱ የተዘረፈበት፣ በሬው የተነዳበት ገበሬው ነው። ንጉሡ ግን በመንበራቸው ቆዩ፤ ለምኒልክ ገብተው በየካቲት 1888 ዓድዋ ዘመቱ፤ በጥር 1893 አረፉ።

ልጅየው ሲመጣ

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲሞቱ ዐፄ ምኒልክ ጎጃምን እንደገና በአንድ ሰው እጅ መተው አልፈለጉም። ግዛቱ ተከፋፈለ፤ ከፊሉ ለራስ መንገሻ አቲከም ተሰጠ። ከንጉሡ ልጆች ራስ በዛብህ ጥቂት ጊዜ ገዝተው ታሰሩ። ራስ ኃይሉም በዚህ መካከል ክፉውንም ደጉንም ካዩ በኋላ ከ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጎጃምን ያዙ፤ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስም አልለቀቁም።

ራስ ኃይሉ አባታቸው ያላወቁትን ትምህርት ተምረዋል፤ ከእንግዲህ ጎጃምን የሚሰጠውም የሚነሣውም አዲስ አበባ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከማዕከሉ ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። ልጃቸውን ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ ዳሩ። አማቻቸው የኢትዮጵያ ገዥ ሲሆኑ እሳቸው በጎጃም ተደላደሉ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ሲማረኩ፣ ራስ ኃይሉ በሹመታቸው ቀሩ። ሰብለ ወንጌል ግን ባላቸው የተሰደደ፣ ኋላም የታሰረ ሴት ሆነው ቀሩ። አባት ከጋብቻው ያገኙትን ትርፍ ወሰዱ፤ ኪሣራው ለልጅ ተረፈ።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምንና አውሮፓን ሲጎበኙ ራስ ኃይሉና የትግራዩ ራስ ሥዩም አብረው ሄዱ። ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ሮማን፣ ለንደንን አዩ። ብዙዎች እንደሚሉት ራስ ተፈሪ ሁለቱን ታላላቅ ራሶች ይዘው መሄዳቸው ለክብር ብቻ አልነበረም፤ እሳቸው በሌሉበት አገር ውስጥ እንዳይቀሩ ጭምር ነው። ራስ ኃይሉ በበኩላቸው የዘመኑን ነገር ወደዱ። ለአውቶሞቢል፣ ለከተማ ቤት፣ ለንግድ ትርፍ ዓይን ነበራቸው። ከመኳንንቱ መካከል ገንዘብ በአዲሱ መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ቀድመው ከገባቸው አንዱ ናቸው።

ያ ገንዘብ ከየት መጣ?

ገንዘቡን የሰጠው ገበሬው ነው። የጉልት ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ ርስቱ የገበሬው ነው፤ ከርስቱ የሚወጣውን ግብር የመቀበል መብት ግን የባለ ጉልቱ ነው። ገበሬው አሥራት ይከፍላል፤ ማር ይሰጣል፤ ለጌታው እርሻ ያርሳል፤ አጥር ያጥራል፤ ሠራዊት ሲያልፍ ያበላል። በራስ ኃይሉ ዘመን በዚህ ላይ አዳዲስ ግብር በላይ በላዩ ተጨመረ፤ ሹመትም በገንዘብ የሚገኝ ነገር ሆነ። ሹመቱን ገንዘብ ከፍሎ ያገኘ ምስለኔ የከፈለውን ከታች ሳይሰበስብ አይመለስም። ታሪክ ጸሐፊዎች ራስ ኃይሉን ከዘመናቸው ገዥዎች ሁሉ በግብር ማብዛት የሚያነሡአቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ መዝገብ የማይጽፈውን አንድ ነገር ልጨምር። ‹‹ገበሬው ሠራዊት ያበላ ነበር›› የሚለው ቃል በወንድ ስም ይጻፍ እንጂ፣ ሌሊት ተነሥታ በመጅ የፈጨችው፣ ጠላውን የጠነሰሰችው፣ በሶውን ያዘጋጀችው፣ ወጡን የሠራችው ሴቲቱ ናት። ሃምሳ ወታደር ለሁለት ቀን መንደር ውስጥ ቢያርፍ ምን ያህል እህል በወፍጮ ድንጋይ ላይ እንደሚያልፍ ቤት ያስተዳደረች ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ የግብሩ ታሪክ የሴቶች ጉልበት ታሪክም ነው፤ በየትኛውም የግብር ደብተር ላይ ግን ‹‹ፈጪ›› የሚል መደብ የለም።

የጣና ነገርም የራስ ኃይሉን ቦታ ከፍ አድርጎት ነበር። እንግሊዞች ለግብፅና ለሱዳን እርሻ ሲሉ ዓይናቸውን በጣና ላይ ከጣሉ ቆይተዋል። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ያለ እንግሊዝ ስምምነት የአባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚገታ ሥራ እንዳይሠራ የሚል ውል ፈርመዋል። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መንገድ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ራስ ተፈሪም ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቅርበው ተቃወሙ። በዚያው ዘመን በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ተከፍቶ ነበር፤ ቆንስሉ ቺዝማን ጣናንና አባይን በእግሩ እየዞረ ካርታ ያነሣ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጄ. ጂ. ዋይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለግድቡ ጥናት አካሄደ። የዛሬዋ ባሕር ዳር ያኔ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ነገር ግን አባይ ከጣና በሚወጣበት አገር ላይ ማን እንደሚገዛ ለለንደንም፣ ለሮማም፣ ለአዲስ አበባም ጉዳይ ነበር። በማዕከሉ ላይ የተቀመጠ ንጉሠ ነገሥት እንዲህ ያለውን ቦታ በአንድ ቤተሰብ እጅ መተው እንደማይወድ ግልጽ ነው።

ውድቀት

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። ዙፋኑን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ወሰነ፤ መኳንንቱን በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አስቀመጠ። ለራስ ኃይሉ ዓይነቱ ሰው ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከእንግዲህ ጎጃም የአባት ርስት ሳይሆን የመንግሥት ጠቅላይ ግዛት ነው።

በዓመቱ፣ በግንቦት 1924፣ ልጅ ኢያሱ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ከነበሩበት ከፍቼ አመለጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ራስ ኃይሉ በማምለጡ እጃቸው አለበት ተብለው ተከሰሱ። የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ሀብታቸው ተወረሰ። በጎጃም ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ። ከውጭ የመጣ ገዥ ነበሩና የድሮው ቤት ደጋፊዎች አልተቀበሏቸውም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርና ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ፣ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች አንዱ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከኋላ ሸፈቱ። በጦርነት ጊዜ የቤተሰብ ቂም አገርን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ ያለው የራስ ኃይሉ ሥራ ለመናገር የሚከብድ ነው፤ ቢሆንም መነገር አለበት። በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ሲወጡ እስረኛውን ራስ ኃይሉን ይዘዋቸው ሄዱ፤ ድሬዳዋ ላይ ተለቀቁ። እሳቸውም ለጣሊያን ገቡ። በታኅሣሥ 1929 የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን ‹‹አትነኩም›› የሚል የራስ ኃይሉን ቃል አምነው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያኖቹም ገደሏቸው። ወጣቶቹ ለመሐላ ያመኑት ትልቅ ስም ነበር፤ ‹‹የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ አይዋሽም›› ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ወገን የቆመ አንድ ቤት

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን የዚያኑ ቤት ሌላ ገጽ እንይ። ከጎጃም አርበኞች መሪዎች መካከል ኃይሉ በለውና ነጋሽ በዛብህ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች ናቸው፤ ራስ ኃይሉ ለሁለቱም አጎት ናቸው። አጎት ከጣሊያን ጋር፣ የወንድም ልጆች በዱር በገደል። ስለዚህ የዘር ሐረግ ሰውን ባንዳም አርበኛም አያደርገውም። አንድ ደም ሁለቱንም አውጥቷል።

ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና በላይ ዘለቀም በየአካባቢያቸው ጠላትን መፈናፈኛ ያሳጡ ነበር። በላይ ዘለቀ ከትልቅ መሳፍንት ቤት አልተወለዱም። ሰው የተከተላቸው በሥራቸው ነው።

በጥር 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገቡ ጣሊያኖች አንድ የቀራቸው ካርድ ነበር። ራስ ኃይሉን የጎጃም ገዥ አድርገው ወደ ደብረ ማርቆስ መለሷቸው። ከዘጠኝ ዓመት እስርና ስደት በኋላ፣ ከጠላት ጋር ከቆዩም በኋላ፣ ‹‹የንጉሥ ልጅ መጣ›› ተብሎ ወደ እሳቸው የሄዱ ባላባቶች ነበሩ። የስም ጉልበት እንዲህ ነው፤ ሥራው ከታወቀ በኋላም ይሠራል።

ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ሲለቁ ጦራቸው በኮሎኔል ማራቬንታኖ መሪነት አባይን መሻገር ነበረበት። መሻገሪያውን መዝጋት የሚችሉት በላይ ዘለቀ ነበሩ። የዘመኑን ጦርነት የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት፣ ራስ ኃይሉ ለበላይ ከቤታቸው ሴት ልጅ ሊድሩላቸው ቃል ገቡ፤ ጦሩም ሳይመታ አለፈ። በኋላ በግንቦት ወር አጊባር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። ታሪኩ እንደተጻፈው ከሆነ፣ ከባላባት ወገን ላልሆነ ጀግና የቀረበው ትልቁ ጉቦ ከትልቅ ቤት ጋር መጋባት ነበር። ልጅቱን የጠየቃት ሰው ስለመኖሩ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ሰብለ ወንጌል ለአልጋ ወራሽ፣ ይህችኛዋ ለአርበኛ፤ አባትየው የሚያውቁት አንድ መንገድ ነበር።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ራስ ኃይሉም እጅ ነሱ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሹመት አላገኙም። ልጃቸው ልጅ ማሞ ኃይሉና በላይ ዘለቀ ግን በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ አብረው ተሰቀሉ። ከጣሊያን ጋር የነበረው የራስ ልጅና አምስት ዓመት ጣሊያንን የተዋጉት አርበኛ በአንድ ቀን በአንድ ቦታ መሞታቸው እስከ ዛሬ ድረስ ጎጃምን ያሳዝናል።

የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ከነፃነት በኋላ ለጥቂት ዓመታት ወደዚያው ቤት ተመልሷል፤ ገዥው ራስ ኃይሉ በለው ነበሩ። ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ ደግሞ በ1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሢረዋል ተብለው ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ውጭ ያሉ ሰዎች ተሾሙ። ገበሬው ግን አዲሶቹንም ዝም ብሎ አልተቀበለም። የግብር አዋጅ በመጣ ቁጥር ‹‹መሬቴን ለክተው ሊወስዱብኝ ነው›› ብሎ ተነሣ፤ በ1960 ዓ.ም. በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ጊዜ የተነሣው ዐመፅ ትልቁ ነው። ብዙ ትውልድ ሙሉ የሚከፍለው ግብር ለምን እንደሚውል ተነግሮት የማያውቅ ሰው አዲሱን ሕግ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

በሌላም አገር

ይህ የመሳፍንት ዘመን ነገር ነው፣ በምርጫ ዘመን የለም የምትል እኅት ትኖር ይሆናል። የፊሊፒንስን አገር ተመልከቱ። ምርጫ አለ፣ ፓርላማ አለ፣ የክፍለ ሀገር ገዥ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል። ሆኖም በብዙ ክፍለ ሀገሮች አባት ገዥ፣ ልጅ የምክር ቤት አባል፣ ሚስት ከንቲባ እየሆኑ ወንበሩን በቤተሰብ ይቀባበሉታል። አንዱ የሥልጣን ዘመኑ ሲያበቃ ሌላው የቤቱ ሰው ይወዳደራል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥታቸው የፖለቲካ ቤተሰቦችን ይከለክላል፤ ነገር ግን ‹‹ሕግ በሚወስነው መሠረት›› ይላል። ያን ዝርዝር ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት በእነዚያው ቤተሰቦች አባላት የተሞላ ስለሆነ፣ ለክፍለ ሀገር ገዥዎችና ለምክር ቤት አባላት የሚሠራ ሕግ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሳይወጣ ቆይቷል። ድምፅ መስጠት ብቻውን ‹‹የማን ልጅ ነው?›› የሚለውን ጥያቄ አያስቀረውም ማለት ነው።

ወደ እኛ ጉዳይ

የትልቅ ሰው ልጅ መሆን ኃጢአት አይደለም። ኃይሉ በለውም የዚያው ቤት ልጅ ነበሩ። የራስ ኃይሉ ጥፋት የተሰጣቸውን ሁሉ እንደ ግል ንብረት መቁጠራቸው ነው። አገሩ ንብረታቸው፣ ሹመቱ ንብረታቸው፣ የሰጡት ቃል ንብረታቸው፣ ሴት ልጆቻቸውም ንብረታቸው ነበሩ። ይህን ሁሉ እየሸጡ ሲለውጡ ‹‹አስረዱን›› የሚላቸው አልነበረም። ገበሬው መጠየቅ አይችልም፤ ፈጪዋ ጭራሽ አትቆጠርም፤ ንጉሠ ነገሥቱም የጠየቁት ግብሩ በዝቶ ሳይሆን ዙፋናቸው ሲነካ ነው።

የእኛ ማኅበር ትንሽ ነው። በሳጥናችን ያለው ገንዘብ ግን ከእንጀራ ሽያጭ፣ ከጉልት ገበያ፣ ከዓሣ ጠበሳ፣ ከሽመና ቆጥበን ያስቀመጥነው ነው። በየሰፈሩ ባሉ ማኅበራትና ዕድሮች ‹‹የእከሌ ሚስት ስለሆነች ትሁን››፣ ‹‹እናቷ መሥራች ስለነበረች ይገባታል›› ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ለእጩነት የምትቀርብ እኅት ሁሉ፣ የማንም ልጅ ብትሆን፣ ከዚህ በፊት የያዘችውን ኃላፊነትና ያስረከበችውን ሒሳብ በጉባኤው ፊት ትናገር። ገንዘብ ያዥ ከሁለት ዘመን በላይ በተከታታይ አትቀመጥ፤ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ኮሚቴ ውስጥ አይግባ። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ይጻፍ።

ሌላም ልመና አለኝ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም በደብረ ማርቆስ አልጠፋም። የፈጨችው ሴት ስም ግን የትም የለም። ከእናንተ መካከል አያቷ ወይም ቅድመ አያቷ በራስ ኃይሉ ዘመን ወይም በጣሊያን ጊዜ በሜጫ፣ በዘጌ፣ በደንበጫ ወይም በሌላ አገር የኖረች ካለች፣ ለሠራዊትና ለሹም ምን ታዘጋጅ እንደነበር፣ ግብሩ በምን ይከፈል እንደነበር፣ ቤቷ ሲዘረፍ ምን እንዳተረፈች፣ የሰማችሁትን ጽፋችሁ ወይም አስጽፋችሁ ለሚቀጥለው እትም ብትሰጡን እናወጣዋለን። መጻፍ የማትችል እናት ካለች እኔ ቤቷ ድረስ መጥቼ እጽፍላታለሁ።